ዱክ ኤሊንግተን፦ የጃዝ ኦርኬስትራ መሪው ሕይወትና የፊልም ሥራዎች

ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን፣ በዓለም በሚታወቁበት ስም ዱክ ኤሊንግተን፣ አሜሪካዊ የፒያኖ ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲና የጃዝ ኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። ሲኒማ ለጥቁር አሜሪካውያን የአገልጋይና የአስቂኝ ገጸ ባሕርይ ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ጥቁር ሙዚቀኛ በራሱ ክብር በፊልም እንዲታይ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው።

ልደትና የሙዚቃ ሕይወት

ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1899 በዋሽንግተን ዲሲ ተወለዱ። እናትና አባታቸው ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። «ዱክ»፣ ትርጉሙም መስፍን፣ የሚለውን ቅጽል ስም ያገኙት በልጅነታቸው ሲሆን ምክንያቱም አለባበሳቸውና ጨዋነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ በኒው ዮርክ ሀርለም በሚገኘው ኮተን ክለብ ኦርኬስትራቸውን መምራት ጀመሩ። የክለቡ ሙዚቀኞች ጥቁሮች፣ ታዳሚዎቹ ግን ነጮች ነበሩ። ከዚያ የተላለፉ የሬዲዮ ሥርጭቶች ስማቸውን በመላ አሜሪካ አሳወቁ።

በፊልም

የመጀመሪያው ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ1929 የቀረበው «ብላክ ኤንድ ታን» የተባለ አጭር ፊልም ነው። በዚህ ፊልም ላይ ራሳቸውን ሆነው፣ በችግር ውስጥ ያለ ሙዚቀኛን ተጫውተዋል። በቀጣዩ ዓመት ኦርኬስትራው «ቼክ ኤንድ ደብል ቼክ» በተባለው ፊልም ላይ ሲቀርብ፣ ቆዳቸው ፈካ ያሉት ሁዋን ቲዞልና ባርኒ ቢጋርድ ፊታቸውን በጥቁር ቀለም እንዲቀቡ ተደርጓል፤ ተመልካቹ ጥቁርና ነጭ በአንድ ኦርኬስትራ አብረው የሚጫወቱ እንዳይመስለው በመሥጋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው «ሲምፎኒ ኢን ብላክ» በአንጻሩ ኤሊንግተንን በሥራ ላይ ያለ የሙዚቃ ደራሲ አድርጎ ያሳያል። ፊልሙ የጥቁሮችን የጉልበት ሥራ፣ ፍቅር፣ ሐዘንና ጭፈራ በሙዚቃ ይተርካል። በወቅቱ ገና ወጣት የነበረችው ድምፃዊት ቢሊ ሆሊዴይም ታይታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ «ካቢን ኢን ዘ ስካይ» በተባለው ፊልም ከኦርኬስትራቸው ጋር ቀርበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኤሊንግተን ለኦቶ ፕሬሚንገር «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ፊልም ሙዚቃ ከመድረሳቸው በተጨማሪ ከተዋናዩ ጄምስ ስቱዋርት ጋር ፒያኖ ሲጫወቱ ይታያሉ። ሥራው የግራሚ ሽልማቶችን አስገኝቶላቸዋል። «ፓሪስ ብሉዝ» ለተባለው የ1961 ፊልም በሠሩት ሙዚቃም ለኦስካር ሽልማት ታጭተዋል። የጥቁር ሙዚቀኛው ሚና ከፊልም ማጀቢያነት ወደ ፊልም ሙዚቃ ደራሲነት ያደገበት መንገድ በእነዚህ ሥራዎች በግልጽ ይታያል።

በኢትዮጵያ

ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ከኦርኬስትራቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሙዚቃ ዝግጅት ያቀረቡ ሲሆን፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክብር ኒሻን ተቀብለዋል። በጉብኝቱ ወቅት ከኢትዮ ጃዝ መሥራቹ ሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝተዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1974፣ በኒው ዮርክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።