ሞግዚት፦ የአንድ ቃል ሁለት ዕጣ

ቃላትም እንደ ሰዎች ሁሉ መደብ አላቸው። «ሞግዚት» የሚለው የአማርኛ ቃል ለዚህ ዓይነተኛ ምስክር ነው። በቤተ መንግሥት ታሪክ ሞግዚት ታላቅ ሹም ነው፤ ልጅ ኢያሱ በለጋ ዕድሜያቸው አልጋ ወራሽ ከተሰየሙ በኋላ፣ በ1903 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሞግዚታቸው ሆነው አገር የመሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። በከተማ ቤት ግን ሞግዚት ማለት የሰው ልጅ አዝላ የምትውል፣ ሌሊትም ሕፃኑ ባለቀሰ ቍጥር የምትነሣ ተቀጣሪ ናት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልዩነት በአንቀጽ አጸናው። አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ንብረት የሚያስተዳድረውን ሞግዚት በሚመለከት አሿሿሙን፣ ኃላፊነቱንና አሻሻሩን በዝርዝር ደንግጎ፣ ሒሳብ እንዲያቀርብም አስገደደው። የሁለተኛዋን ጉዳይ ግን፣ በቍጥር 2601፣ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ በአሠሪው ሕሊና እንዲመራ በማለት ለአሠሪው ተወ። በአሠሪዋ ቤት የምትኖር ሠራተኛ ጤንነቷና ክብረ ሕሊናዋ እንዲጠበቅ፣ ብትታመምም እንድትታከም ሕጉ ቢያዝም፣ የሥራ ሰዓት ልክና የደመወዝ ወለል አልተበጀላትም።

የሕግ አውጪው ዝምታ መነሻው ግልጽ ነው፤ የቤት ሠራተኛ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ መታየቷ ነው። «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው አነጋገር ደግነት ቢመስልም፣ ለልጅ ደመወዝም የዕረፍት ቀንም እንደማይቈረጥላት ሊዘነጋ አይገባም።

በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በተከታታይ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጆችም ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰናቸው ውጭ አደረጉት። የ1996ቱ አዋጅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ፤ ከ15 ዓመት በኋላ የ2011ዱ አዋጅ ያንኑ ቃል ደገመ። በመካከሉ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጄኔቫ ባጸደቀው ስምምነት ቍጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ የ24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይገባታል ሲል ወስኖ ነበር።

ሞግዚቲቱ ራሷ ሞግዚት የሚያስፈልጋት ልጅ ሆና ስትገኝ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ደንግጓልና፣ ይህ ግዴታ የግል ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚቆም አይደለም።

ሕሊና ክቡር ነገር ነው፤ ነገር ግን ለሕፃኑ ንብረት ጠባቂ ያልታመነ ሕሊና፣ ለሕፃኑ ጠባቂ ብቻውን እንዴት ይበቃል?