ጠበንጃና ጕርሻው

በአማርኛ ቋንቋ ጠበንጃ እንደ ሕያው ፍጥረት ይነገርለታል። አፍ አለው፤ ጥይት ይጐርሳል፤ ይጮኻል፤ አንዳንድ ጊዜም ይከሽፋል። የሚጐርስ ነገር ሁሉ ደግሞ መራቡ አይቀርም። ጠበንጃ የሚያረጀው ብረቱ ሲዝግ ወይም ሰደፉ ሲሰነጠቅ ብቻ አይደለም፤ በልኩ የተሠራው ጥይት ከገበያ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ብረቱ እንደ መስተዋት ቢያበራ እንኳ ከበትር አይሻልም። ስለዚህ በአሮጌ ጠበንጃ ያደኑ ሰዎች ታሪክ የብረቱ ብቻ ሳይሆን የጕርሻውም ታሪክ ነው። ይህም ታሪክ ሰው ራሱን በፈቃዱ ሲገታና በእጦት ሲገታ ያለውን ልዩነት ያሳያል። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።)

ከጠበንጃ አስቀድሞ የዝሆን አደን በሰይፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ሲመላለስ፣ በምዕራቡ ቈላ ዝሆንን በሰይፍ ስለሚጥሉ ፈረሰኞች ሰምቶና ተመልክቶ ጽፏል። ከዘጠና ዓመት በኋላም ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1861 እና በ1862 በአትባራ ዳርና ሰቲት በሚባለው በታችኛው ተከዜ ሐምራን ከሚባሉት ዐረቦች ጋራ ሲያድን ይህንኑ በዓይኑ አየ። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት ፊት እየሸሸ ያስከትለዋል፤ ሌላው ከኋላ ጋልቦ ይደርስና ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ባንድ ምት ቋንጃውን ይቈርጠዋል። በዚህ አደን በሰውና በአውሬ መካከል የነበረው ርቀት የአንድ ክንድና የአንድ ሰይፍ ርዝመት ብቻ ነበር። ፈረሱ ቢሰናከል፣ እጅ ቢዘገይ፣ የሚሞተው ዝሆኑ ሳይሆን ሰውየው ነው።

ቤከር ግን ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚጐርስ ታላቅ ጠበንጃ ይዞ ነበር። እርሱ በቀልድ «ሕፃን» ብሎ ሲጠራው ዐረቦቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል ይጨመርበታል፤ በተተኰሰ ጊዜ ተኳሹን እንደ ነፋስ መሽከርከሪያ ያዞረዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ አዘውትሮ አይተኵሰውም ነበር። ፍሬድሪክ ሴሉስ የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ አዳኝ በ1870ዎቹ በደቡብ አፍሪካ በእንዲህ ያሉ ከባድ ጠበንጃዎች ብዙ ዝሆን ከገደለ በኋላ፣ ምታቸው ሰውነቱን እንደ ጐዳው በኋለኛው ዘመኑ በጸጸት ተናግሯል። አሮጌው ጠበንጃ ከፊቱ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውንም ይመታ ነበርና።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ባሩድ፣ አረርና ካፕሱል ባንድ የናስ ቀለህ ውስጥ በተጠቃለሉ ጊዜ ነው። አስቀድሞ ተኳሹ ባሩዱን ከቀንድ እየሰፈረ፣ አረሩን በዘንግ እየጠቀጠቀ፣ ዝናምንም እየፈራ ይተኵስ ነበር። ቀለህ ይህን ሁሉ ድካም አስቀረለት። ነገር ግን ከምቾቱ ጋራ እስራት አመጣ። ባሩድንና እርሳስን የአገር ባለሙያ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ልኩን የጠበቀ የናስ ቀለህና ካፕሱል ግን ከፋብሪካ በቀር አይገኝም። ከዚያ ወዲያ ጠበንጃ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ባሕር ማዶ ላለ አይቶት ለማያውቀው ፋብሪካ ጥገኛ ሆነ።

ወደ ኢትዮጵያ እነዚህ ጠበንጃዎች በጦርነትና በንግድ በር ገቡ። በ1868 ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ ወታደሮች ከ14 ሚሊሜትር በላይ ስፋት ያለው አረር የሚተኵሰውን ስናይደር ይዘው መጡ፤ የአገሩም ሰው ስሙን ወደ ራሱ አንደበት መልሶ ስናድር አለው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ ደግሞ ብዙ የሬሚንግተን ጠበንጃ ማረኩ። በኋላ ግን በአገሩ ሁሉ ስሙ የገነነው የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ ሰየመው።

ውጅግራ በ1874 በሻምበል ባዚል ግራ የወጣ ጠበንጃ ነው። ከርሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የወረቀት ጥይት ይጐርስ ነበር፤ ግራ ግን ያንኑ አሠራር አሻሽሎ የናስ ቀለህ እንዲጐርስ አደረገው። ስፋቱ 11 ሚሊሜትር፣ የአረሩ ክብደት 25 ግራም፣ በቀለሁ ውስጥ ያለው ጥቁር ባሩድ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ ጥይት ጐርሶ አንድ ይተኵሳል። ይህ ጠበንጃ በፈረንሳይ ሠራዊት እጅ ብዙ አልቈየም። ፖል ቪዬይ የተባለው ሊቅ በ1884 ጢስ የሌለውን ባሩድ አገኘ፤ በ1886ም በዚሁ ባሩድ የሚተኰሰው ባለ 8 ሚሊሜትሩ ለበል፣ በኢትዮጵያ ለበን የተባለው፣ ወጣ። ያን ጊዜ ገና አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ውጅግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ተባለ። ከመጋዘን እየወጣ ለነጋዴ ተሸጠ፤ ከኦቦክና ከጅቡቲም በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ወጣ። ለአውሮፓ ያለፈበት፣ ለኢትዮጵያ አዲስ ሆነ።

በዚያን ዘመን ጠበንጃና ጕርሻው እንዴት የተለያዩ ነገሮች እንደ ነበሩ አንድ ቅፍለት ያስረዳል። ግጥሙን ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ለንጉሥ ምኒልክ ይዞት የመጣው ሸቀጥ 2,040 ጠበንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ነገር ግን ጠበንጃዎቹ በካፕሱል የሚተኰሱ፣ በአፈሙዛቸው የሚጐርሱ የቀድሞ ዓይነቶች ነበሩና ያን ጥይት የሚቀበሉ አልነበሩም። ጥይቱ የመጣው አስቀድሞ በአገሩ ለነበሩት ሬሚንግተኖች ቀለብ ሆኖ ነው። የጠበንጃ ብዛት ያለ ጥይት ከንቱ መሆኑን በቤተ መንግሥት ያሉት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዐድዋ የተገኘውም ድል ከጀግንነቱ ጋራ የዚህ የብዙ ዓመት ዝግጅት ፍሬ ነው።

ጦርነቱ ሲያልፍ ያው ጠበንጃ ወደ አደን ይወርድ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥይት በገበያ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋራ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ድኩላ አይቶ ምላጭ የሚስብ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ወደ ጫካ እንደሚወረውር ያህል ነው፤ ስቶ እንደ ሆነም ድኩላውንም ገንዘቡንም አጣ። ባዶው ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ በአገር ባሩድ ዳግመኛ ይሞላል። የጥቁር ባሩድ አረር ዝግ ያለ ስለሆነ ርቆ ሲሄድ ወደ ታች ይጐብጣል፤ አዳኙም ይህን ስለሚያውቅ ነፋሱን እየለየ፣ በደረቱ እየተሳበ፣ ለመሳት እስከሚያሳፍር ድረስ ይቀርባል። ከተኰሰም በኋላ ነጩ ጢስ ዓይኑን ይጋርደዋል። የተመታው ጐሽ ወደቀ ወይስ እየመጣበት ነው? ይህን ለማወቅ ጢሱ እስኪገልጥ መጠበቅ ወይም ወደ ጐን መዝለል አለበት። ሁለተኛውን ጥይት ከዝናሩ አውጥቶ እስኪያጐርስ ድረስ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው፣ የድሮው አደን ትዕግሥትና ልከኝነት የተመላበት ነበር ብሎ ሊያመሰግን ይቸኵል ይሆናል። በእርግጥ ለድኩላና ለአጋዘን ነገሩ ወደዚያ ያደላል። የዝሆን ነገር ግን ምስጋናውን ይመልሳል። ዝሆን የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክር፣ ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር፤ ጥርሱም ከቡና፣ ከቈዳና ከዝባድ ጋራ ወደ ባሕር ከሚወርዱት ዋና ሸቀጦች አንዱ ነበር። ለስላሳው የውጅግራ እርሳስ ግን በዝሆን ራስ ቅል ላይ ሊደፈጠጥ ስለሚችል፣ ብዙ ሰው ባንድነት ከብቦ መተኰስ ልማድ ሆነ። አንዱ ዝሆን ሲወድቅ ሌሎቹ አረር በሥጋቸው ተሸክመው ወደ ዱር ይገባሉ፤ በዚያም ቀስ ብለው ይሞታሉ። በድኩላ ላይ ጥይት ይቈጥብ የነበረው እጅ፣ አንድ ጥርስ የብዙ ጥይት ዋጋ በሚያወጣበት ቦታ ቍጠባውን ረሳ። ከዚህም የተነሣ አዳኙን ይገታው የነበረው ርኅራኄ ሳይሆን ሒሳብ እንደ ነበረ ይታወቃል።

የጠበንጃን ኀይል በጕርሻው በኩል መያዝ እንደሚቻል ከሁሉ ይልቅ የተረዳው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በ1898 የለንደኑ ጠበንጃ ሠሪ ጆን ሪግቢ ስፋቱ 450 የተባለውን፣ ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኰሰውን ታላቅ የዝሆን ጥይት አወጣ። አዳኞችም በደስታ ተቀበሉት። ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር አሮጌ ማርቲኒ ሄንሪ ጠበንጃዎች ልካቸው ያው 450 ነበር፤ እነዚህም በሕንድና በሱዳን በብዙ ሰው እጅ ተበትነው ነበር። መንግሥት ከአዲሱ ጥይት አረሩ እየተነቀለ ለአሮጌው ጠበንጃ ጕርሻ እንዳይሆን ሠጋ። ስለዚህ በ1907 በሁለቱ አገሮች የ450 ጥይት ከለከለ። ያን ጊዜ ምንም ጕድለት ያልተገኘበት ውድ የአደን ጠበንጃ በነዚያ አገሮች ባንድ ትእዛዝ አረጀ፤ ጠበንጃ ሠሪዎቹም 465 እና 470 የተባሉትን ጥይቶች ወደ ገበያ አቀረቡ። ዐመፀኛውን ጠበንጃ በረኃብ ለመግደል ተብሎ የመኳንንቱም ጠበንጃ አብሮ ጾመ።

ጢስ የሌለው ባሩድ በተስፋፋ ጊዜ የአደን ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአብዛኛው ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ብቻ በሆነ የማውዘር ጥይት፣ የዝሆንን ራስ ቅል አሠራር አጥንቶ በልዩ ጥንቃቄ እየተኰሰ ከ1,000 የሚበልጥ ዝሆን ገደለ። የቤከርን ግማሽ ፓውንድ ያህል አረርና የቤልን ቀጭን ጥይት ላነጻጸረ ሰው ነገሩ ያስደንቃል። ጥይቱ ቀጠነ፤ ጢሱ ጠፋ፤ የተኳሹ ትከሻ ዐረፈ፤ ግዳዩ ግን በዛ። ቀድሞ ተኳሹን ይገቱት የነበሩት ጢስ፣ ምት፣ የአረር መጕበጥና የጥይት ውድነት አንድ በአንድ ሲወገዱ፣ በቦታቸው የሚቆም ሌላ ልጓም አልነበረም።

ያ ልጓም ከሕግ መምጣት ነበረበት። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ አካባቢ የዝሆን አደንን የሚወስን ደንብ አወጡ፤ በ1944ም በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ። በ1970 የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተቋቋመ። በአሜሪካ ደግሞ ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአሮጌው ጠበንጃ ተምሯል፤ ብዙዎቹ ግዛቶች በአፈሙዙ ለሚጐርስ ጠበንጃ ብቻ የተለየ የአደን ወራት ይወስናሉ፤ በዚያ ወራት የሚወጣ አዳኝ አንድ ጊዜ ተኵሶ፣ ከሳተም በዘንግ እየጠቀጠቀ እንደ አያቶቹ ይጠብቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌውን ጠበንጃ ለፍቅሩ ብለው የሚይዙ ሰዎችም አሉ። የስናይደር ቀለህ የጠፋባቸው ባለ 24 ቍጥር የሚባለውን የናስ ቀለህ እየቈረጡና እየቀረጹ ይሠራሉ፤ እርሳሱን በቤታቸው ያቀልጣሉ፤ ጥቁሩንም ባሩድ ይሰፍራሉ። የጥንቱ አዳኝ በግድ የተሸከመውን ጕድለት እነዚህ በፈቃዳቸው ገዝተው ይሸከሙታል።

በዚህ ውስጥ የታሪኩ ቁም ነገር ይገኛል። አሮጌው ጠበንጃ ቸር አልነበረም፤ የተራበ ብቻ ነበር። የተራበ ሰው ያልበላውን ሁሉ ጾመ ተብሎ እንደማይቈጠርለት፣ ጥይት ያጣ አዳኝም የተወውን አውሬ ሁሉ ማረ ተብሎ አይመሰገንም። ምሕረት የሚባለው ዝናሩ ሙሉ ሆኖ፣ አውሬውም ቀርቦ ሳለ ምላጩን የሚተው ሰው ሥራ ነው። ቤከር የሐምራንን ፈረሰኞች ያየበት የተከዜ ወንዝ በላይኛው ወገኑ ዛሬ ቃፍታ ሽራሮ በተባለው፣ በ2007 በተከለለው ብሔራዊ ፓርክ በኩል ይወርዳል፤ ፓርኩም የተከለለው በዚያ ምድር ለቀሩት ዝሆኖች ጭምር ነው። በሰይፍ፣ በስናድር፣ በውጅግራና በለበን ዘመን ያለፉትን ዝሆኖች ያቈያቸው የጥይት ውድነት ነበር ቢባል፣ የዛሬዎቹን ሊያቈያቸው የሚችለው ግን የሰው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ጥይት ዛሬ ርካሽ ሆኗልና።