የሥራ መደብ ለውጥ እና የሠራተኛ መብት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ባሉ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የግል ድርጅቶች የተቀጠረ ሠራተኛ ከተቀጠረበት የሥራ መደብ ወይም ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር የሚገዛው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

የመብቱ መነሻ የሥራ ውሉ ነው። ውሉ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙንም መጠን መግለጽ አለበት፤ አሠሪው በውሉ መሠረት ሥራ የመስጠት፣ ሠራተኛውም ውሉንና የሥራ ደንቡን የተከተለ ትእዛዝ የመፈጸም ግዴታ አለባቸው። በአንቀጽ 15 መሠረት በአዋጁ ያልተወሰኑ የውል ሁኔታዎች የሚሻሻሉት በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ የማሽን ኦፕሬተርን በቃል ትእዛዝ ብቻ ለዘለቄታው የጥበቃ ሠራተኛ ማድረግ ተገቢ አይደለም። የኅብረት ስምምነቱ ወይም ደንቡ ዝውውርን ከፈቀደ ግን የሠራተኛው የመከራከሪያ ዕድል ይጠብባል።

ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢቀላቀል ይህ ብቻውን ውሉን አይለውጠውም። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሥራዋ ለጤንነቷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ መዛወር አለባት።

ትእዛዝ እንቢ ማለት ለስንብት ሊዳርግ ስለሚችል ሠራተኛው የዝውውሩ ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፣ ተቃውሞውንም በጽሑፍ ያቅርብ፤ የውሉንም ቅጂ ይያዝ። ከሥራ ከተሰናበተ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።