ሃሪ ትሩማን፦ ከልብስ ሱቅ እስከ ሂሮሺማ (በተደጋጋሚ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ)

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያና ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ስናስተምር አንድ ስም ሳይነሳ አይቀርም፤ የአሜሪካ 33ኛው ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን። ስለዚህ ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞራል። አንደኛው "ከሥልጣን ሲወርድ ባዶ እጁን የገባ፣ የደብዳቤ ቴምብር እንኳ ከኪሱ የሚገዛ ድሃና ንፁሕ መሪ" ይለዋል። ሁለተኛው "በሁለት ቦምብ ሁለት ከተማ ያጠፋ ጨካኝ" ይለዋል። ከዚያ ተማሪው እጁን ያወጣና "ቲቸር፣ በቃ ሰውዬው ጥሩ ነው መጥፎ?" ይለኛል።

እኔ በአንድ ቃል አልመልስም። አንድን መሪ ስንመረምር እያንዳንዱን ውሳኔ ለየብቻ አንስተን ሦስት ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ ያን ጊዜ ምን ያውቅ ነበር? ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ዋጋውን የከፈለው ማነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ። እስቲ በዚህ መንገድ እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. እውነት ዲግሪ አልነበረውም?

አልነበረውም። ከ1900 በኋላ ከተመረጡት የአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ሁሉ የኮሌጅ ዲግሪ የሌለው እሱ ብቻ ነው። (እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ይህን ስናገር ክፍሉ በሳቅ ያልቃል፤ ይሁን።) በ1884 ሚዙሪ ክፍለ ሀገር ላማር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዓይኑ በጣም ደካማ ስለነበር ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ሠርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ በሻምበልነት የመድፈኛ ባትሪ አዘዘ።

ከጦርነቱ ሲመለስ ኤዲ ጃኮብሰን ከሚባል የጦር ጓደኛው ጋር ካንሳስ ሲቲ ላይ የወንዶች ልብስ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በ1922 ከሰረ። ትሩማን ግን "ከስሬያለሁ" ብሎ በፍርድ ቤት ከዕዳው ነፃ ለመውጣት አልፈለገም፤ ዕዳውን ለዓመታት ቀስ እያለ ከፈለ። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ፖለቲካ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አትለፉ። ፖለቲካ ውስጥ ያስገባው ቶም ፔንደርጋስት የሚባል የካንሳስ ሲቲ የፖለቲካ አለቃ ነው። ይህ ሰው በኋላ በግብር ማጭበርበር እስር ቤት ገብቷል። ትሩማን ራሱ ሰርቋል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ የወጣበት መሰላል ግን ንፁሕ አልነበረም።

2. ቦምቡን ያሠራው እሱ ነው? አስቀድሞ ያውቅ ነበር?

ያሠራው ሩዝቬልት ነው። ትሩማን በምክትልነት የቆየው 82 ቀን ብቻ ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ አቶሚክ ቦምብ ማንም አልነገረውም። የሚገርመው፣ በ1943 ሴናተር ሆኖ የጦርነት ወጪ ሲቆጣጠር ብዙ ገንዘብ የሚበሉ ምሥጢራዊ ፋብሪካዎች መኖራቸውን አይቶ ጠይቆ ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን "ይህን ተወው" አለው፤ ተወው።

ሩዝቬልት ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ሞተ። በዚያው ምሽት ትሩማን ቃለ መሐላ እንደፈጸመ ስቲምሰን ጠጋ ብሎ ስለ አንድ ኃይለኛ መሣሪያ ፍንጭ ሰጠው። ሙሉው ማብራሪያ የደረሰው ሚያዝያ 25 ነው። ከዚያ እስከ ሂሮሺማ አራት ወር እንኳ አይሞላም።

3. ቦምቡ ያስፈልግ ነበር ወይ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው፤ የታሪክ ሰዎችም ዛሬ ድረስ ይከራከሩበታል።

"ያስፈልግ ነበር" የሚሉት ኦኪናዋን ያነሳሉ። በዚያች ደሴት በሦስት ወር ውጊያ ብቻ ከ12 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። የጃፓናውያኑና የሲቪሉ ሞት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ዋናው ጃፓን ላይ ቢወረርስ? ነው ጥያቄያቸው። የጃፓን መሪዎችም ሐምሌ 26 ከፖትስዳም የቀረበላቸውን እጅ የመስጠት ጥሪ አልተቀበሉም ነበር።

"አያስፈልግም ነበር" የሚሉት ደግሞ ጃፓን ያን ጊዜ ባሕር ኃይሏ ወድሞ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው አልቆላት ነበር ይላሉ። ንጉሠ ነገሥታችሁ በዙፋኑ ይቆያል የሚል ግልጽ ቃል ቢሰጣት ሊበቃ ይችል ነበር ባዮች ናቸው። ነሐሴ 8 ሶቪየት ኅብረት ጦርነት ማወጇም ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትሩማን በማስታወሻ መጽሐፉ ግማሽ ሚሊዮን የአሜሪካ ወታደር ሕይወት ድኗል ብሏል፤ ከነሐሴ በፊት የጦር ዕቅድ አውጪዎቹ ካቀረቧቸው ግምቶች ብዙዎቹ ግን ከዚህ በጣም ያነሱ ነበሩ።

አሁን ሦስቱን ጥያቄዎቻችንን እናምጣ። ምን ያውቅ ነበር? ሐምሌ 25 በማስታወሻው ላይ ዒላማው ወታደራዊ እንደሚሆን፣ ሴትና ሕፃን እንደማይመታ ጽፏል። ነሐሴ 6 ቦምቡ የወደቀው ግን ሰው በሞላባት ከተማ መሃል ነው። ስለዚህ ወይ በትክክል አልተረዳም፣ ወይ ራሱን እያጽናና ነበር። አማራጭስ? የመጀመሪያው ትእዛዝ ቦምቦቹ እንደተዘጋጁ እንዲጣሉ የሚፈቅድ ነበር። ነሐሴ 9 ናጋሳኪ ስትመታ አዲስ የፕሬዝዳንት ውሳኔ አላስፈለገም። በማግስቱ ነሐሴ 10 ግን ያለ እሱ ፈቃድ ሌላ ቦምብ እንዳይጣል ከለከለ። የካቢኔ አባሉ ሄንሪ ዋላስ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሌላ መቶ ሺህ ሰው፣ በተለይ ያን ሁሉ ሕፃን መግደል እንደከበደው ተናግሯል።

ዋጋውን የከፈለው ማነው? እስከ 1945 መጨረሻ ሂሮሺማ ላይ 140 ሺህ፣ ናጋሳኪ ላይ 70 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ትሩማን እስኪሞት ድረስ በአደባባይ "ተጸጽቻለሁ" አላለም። የነሐሴ 10ሩን ክልከላ የማያነሳ ሰው ትሩማንን ግማሽ ነው የሚያሳያችሁ። የሞቱትን ቁጥር የሚዘልም እንዲሁ።

4. ዘረኛ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

አያቶቹ ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። ያደገበት ቤት የደቡቡን ወገን የሚደግፍ ነበር። በወጣትነቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ስለ ጥቁሮችና ስለ እስያ ሰዎች ክፍል ውስጥ የማላነባቸው ቃላት አሉ። ይህ ሰነድ ያለው ነገር ነው።

ግን ደግሞ ይህን ስሙ። በየካቲት 1946 አይዛክ ውዳርድ የሚባል ጥቁር ወታደር፣ ከጦርነት ተመልሶ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ፖሊስ ደብድቦ ሁለቱንም ዓይኖቹን አሳወረው። ትሩማን ይህን ሲሰማ ደነገጠ። የሲቪል መብት ኮሚቴ አቋቋመ። በ1947 ለጥቁሮች መብት በሚታገለው ትልቁ ማኅበር ጉባኤ ላይ ንግግር ያደረገ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነ። ሐምሌ 26 ቀን 1948 ደግሞ፣ ምርጫ አራት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በዘርና በቀለም ልዩነት እንዳይደረግ አዘዘ። የደቡብ ዴሞክራቶች አኩርፈው የራሳቸውን ዕጩ አቆሙበት። ጋዜጦች ይሸነፋል አሉ፤ አንድ የቺካጎ ጋዜጣማ ተቀናቃኙ ዱዊ አሸነፈ ብሎ ቀድሞ አተመ። አሸነፈ።

ይህ ትእዛዝ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ሲደርስ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። በዚያ ሰዓት የአሜሪካ ጦር ትእዛዙ ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ቢሆንም ጥቁሩንና ነጩን ገና እያቀላቀለ ነበር። ጥቁሮች ለብቻቸው የተመደቡበት 24ኛው ሬጅመንት የፈረሰው በጥቅምት 1951 ነው፤ ማለትም የእኛዎቹ ኮሪያ ከገቡ በኋላ! የክብር ዘበኛ አባቶቻችን በራሳቸው መኮንን እየታዘዙ ከነጭ ወታደሮች ጎን ሲዋጉ፣ ይህ ለብዙ አሜሪካዊ ወታደር አዲስ ነገር ነበር። ከ120 በላይ ሞተውብናል፤ አንድም ሰው አልተማረከብንም።

5. ጄኔራል ማክአርተርን ለምን አባረረው?

ባጭሩ፣ ጄኔራሉ መንግሥት ልሁን ስላለ ነው። ማክአርተር ጦርነቱን ወደ ቻይና ማስፋት ፈለገ። ትሩማን ሦስተኛ የዓለም ጦርነት ይነሳል ብሎ ከለከለ። ጄኔራሉ ሐሳቡን በአደባባይ ማራመዱን ቀጠለ፤ ለአንድ ተቃዋሚ የኮንግረስ አባል የጻፈው ደብዳቤም በምክር ቤት ተነበበ። ሚያዝያ 11 ቀን 1951 ተሻረ። ሕዝቡ ለማክአርተር በኒውዮርክ ጎዳናዎች አበባና ወረቀት በተነ፣ ትሩማንን ረገመ። ወታደር ለተመረጠ ሲቪል ይታዘዛል የሚለው መርህ ግን ተጠበቀ። በሌላ በኩል ትሩማን ራሱ ኮንግረስ ጦርነት ሳያውጅ ነው ኮሪያ የገባው። ከእሱ በኋላ የመጡ ፕሬዝዳንቶችም ያንኑ መንገድ ተከትለዋል።

6. ለኢትዮጵያስ ምን ትቶ ሄደ?

ታላላቆቻችን "ፖይንት ፎር" የሚሉትን አስታውሱ። ስሙ የመጣው ትሩማን በጥር 1949 በዓለ ሲመቱ ላይ ካነሳቸው ነጥቦች አራተኛው፣ ለታዳጊ አገሮች የሙያ እርዳታ የሚለው ስለነበር ነው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ሄንሪ ቤኔት የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋሙ ናቸው።

እርዳታው ግን ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። በታኅሣሥ 1950 የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ሲያዋህድ አሜሪካ ደግፋለች፤ አስመራ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ በጣም ትፈልገው ነበር። የጦር ሰፈሩ ውል በግንቦት 1953 ሲፈረም ትሩማን ከሥልጣን ወርዶ ነበር፤ መንገዱ የተጠረገው ግን በእሱ ዘመን ነው።

7. በመጨረሻ ድሃ ሆኖ ነው የሞተው?

ይህ ወሬ ነው በየጊዜው የሚላክልኝ። ግማሹ እውነት ነው። ያን ጊዜ ለቀድሞ ፕሬዝዳንት ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም። ትሩማን በወር የሚያገኘው 112 ዶላር ገደማ የሠራዊት ጡረታ ብቻ ነበር። በ1953 በባቡር ተሳፍሮ ኢንዲፔንደንስ ከተማ ወደሚገኘው የሚስቱ ቤተሰብ ቤት ተመለሰ። ችግሩን እያነሳ ስለተናገረ ኮንግረስ በ1958 ለቀድሞ ፕሬዝዳንቶች በዓመት 25 ሺህ ዶላር ጡረታ ፈቀደ።

ሌላው ግማሽ ግን አይነገርም። በቅርብ ዓመታት የተመረመሩ የቤተሰቡ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ ከሥልጣን ሲወርድ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ሀብቱን 650 ሺህ ዶላር ገደማ ብሎ ገምቷል። ያን ጊዜ ይህ በጣም ብዙ ገንዘብ ነው። የማስታወሻ መጽሐፉንም በ600 ሺህ ዶላር ሸጧል። ደሞዙ በ1949 ወደ 100 ሺህ ከፍ ሲል በላዩ 50 ሺህ የወጪ አበል ተጨምሮለታል። ስለዚህ ከሰረቁት መሪዎች ጋር አንመድበውም፤ ግን ድሃም አልነበረም። "ድሃው ፕሬዝዳንት" የሚለው ተረት ጣፋጭ የሆነው የራሳችንን ሹሞች ለመስደብ ስለሚመቸን ይመስለኛል። ለስድብ ብለን ታሪክ ማጣመም የለብንም፤ ሹም ለመተቸት እውነተኛ ነገር አይጠፋም።

8. ታዲያ ዛሬ ለምን ያደንቁታል?

በ1952 መጀመሪያ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ 22 በመቶ ወርዶ ነበር። ዛሬ የታሪክ ምሁራን ደረጃ ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ያስገቡታል። አውሮፓን ለማቆም 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት የማርሻል ዕቅድ፣ የኔቶ መቋቋም፣ በርሊንን በአውሮፕላን መመገብ ሁሉም በእሱ ዘመን ናቸው። ጠረጴዛው ላይ "ኃላፊነቱ እዚህ ጋ ያበቃል" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ነበር። ኃላፊነት ያበቃል ማለት ምስጋናውም ወቀሳውም እዚያው ይደርሳል ማለት ነው። የማርሻል ዕቅድም የናጋሳኪም።

እኛም የራሳችንን ነገሥታትና መሪዎች ስናነሳ ወይ መልአክ ወይ ሰይጣን ካላደረግን አይሆንልንም። የኮሜንት ጦርነቱን ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ መሪ ፎቶ ያለው አጭር ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስቱን ጠይቁ፦ ምን ያውቅ ነበር? ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ማን ከፈለ? መልሱ ካልተጻፈበት ፈልጉት።

ጥያቄም ሙግትም ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስድብ ግን አጠፋለሁ። በቤተሰባችሁ የኮሪያ ዘማች አባት ወይም አያት ካላችሁ ደግሞ የነገሯችሁን አንድ ነገር አካፍሉን፤ እነሱ ዛሬ ጥቂት ናቸው። በሚቀጥለው ስለ አይዘንሃወር እመለሳለሁ። መልካም ሳምንት።