ውሻን በዘፈቀደ ማራባት

የወላጆቹ ጤና ሳይመረመር፣ ለቡችሎቹም አሳዳጊ ሳይታሰብ የቤት ውሾችን ማዳቀል ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው ክፋት አይደለም፤ «አንድ ጊዜ እንኳ ትውለድ» የሚል ነው። ሴት ውሻ ከመምከኗ በፊት መውለዷ ለጤናዋ ይበጃል የሚለው እምነት ግን መሠረት የለውም። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ምጥ ከጠና እናቲቱም ቡችሎቹም ሊሞቱ ይችላሉ።

አደጋው ጎልቶ የሚታየው አፍንጫቸው በተደፈጠጠ ዝርያዎች ላይ ነው። የእንግሊዝ ቡልዶግ ቡችላ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ የእናቱ ዳሌ ጠባብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የዝርያው ወሊድ በቀዶ ሕክምና እንደሚፈጸም አሳይቷል። የተወለደውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ለመተንፈስ ይቸገራል፤ ባለቤቱ እንደ ቀልድ የሚስቅበት ማንኮራፋት የዚህ የመተንፈስ ችግር ምልክት ነው። መርል የሚባለው ዥጉርጉር ቀለም ያላቸው ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ደግሞ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ዘረመሉን ከሁለቱም ወላጆች ይወርሳል፤ እንዲህ ያለው ቡችላ ደንቆሮ ወይም ዕውር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለቀለም ሲባል ይህን ማድረግ ጭካኔ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የተባለውን የውሻ ዝርያ በነበረው መንገድ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ሲል ወስኗል።