ከግሉተን ነፃ ፈጣን እራት

ከግሉተን ነፃ ፈጣን እራት ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሌሉበት፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ሊደርስ የሚችል የማታ ምግብ ነው። በዋናነት የሚያስፈልገው ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነው። በኢትዮጵያ አበሳሰል አብዛኞቹ ወጦች ግሉተን የላቸውም፤ ጤፍም የለውም። ስለዚህ ማታ ድስት መጣዱ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ያለው ቀደም ብሎ፣ እህሉ ሲገዛ፣ ወፍጮ ቤት ሲሄድና ሊጡ ሲቦካ ነው። ይህ መጣጥፍ በተለይ ይህንን የኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ይመለከታል።

ግሉተን እና ሴሊያክ በሽታ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖች የጋራ መጠሪያ ነው። ቃሉ በላቲን ሙጫ ማለት ነው። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጠው፣ ዳቦውም ሲነፋ ቅርጹን የሚይዘው በዚህ ፕሮቲን ምክንያት ነው።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ በሽታ መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ ምግብ በአግባቡ አይመጠጥም። በዚህም ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የእድገት መዘግየት ሊከተል ይችላል። አንዳንዱ ሰው ግን ምንም የሆድ ሕመም ሳይሰማው አንጀቱ ይጎዳል። እስካሁን ያለው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

ስንዴ ለበሽታው መንስኤ መሆኑን በማሳየት የሚታወቀው ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ በኔዘርላንድ ዳቦ ጠፍቶ ሕዝቡ ሲራብ በሽታው የነበረባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲክ ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈው የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 ቀርቧል።

በሽታው አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ምርመራ ከማድረጉ በፊት ግሉተን መተው የለበትም። የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና በሽታውን በትክክል የሚያሳዩት ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። አስቀድሞ ካቆመ ውጤቱ በሽታ የለም ሊል ይችላል።

እህሎች

ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ሩዝ ግሉተን የላቸውም። ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላም እንዲሁ። ከእንሰት የሚገኙት ቆጮና ቡላ፣ እንዲሁም ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ከዚሁ ወገን ናቸው። ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ቂንጬ፣ ቢራና በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ ግን ግሉተን አላቸው።

አሳሳቹ አጃ ነው። በአማርኛ አጃ የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ እህሎች ይውላል። አንደኛው ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ የስንዴ ዝርያ ሲሆን ግሉተን ስላለው ለሴሊያክ ሕመምተኛ ፈጽሞ አይሆንም። ሁለተኛው ከውጭ በማሸጊያ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ለቁርስ የሚበላው ኦትስ ነው። ንጹሕ ኦትስ ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ይስማማል። ነገር ግን በእርሻና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ ማሸጊያው ላይ ከግሉተን ነፃ መሆኑ ካልተጻፈ አይታመንም። በገበያ ላይ «የአጃ ዱቄት» ተብሎ የሚሸጠው የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት ስለሚከብድ መተዉ ይቀላል።

እንጀራ

የእራቱ ዕጣ የሚወሰነው በእንጀራው ነው። ጤፍ ግሉተን ባይኖረውም «እንጀራ» የሚለው ስም የእህሉን ዓይነት አይናገርም። በደጋው አገር የገብስ እንጀራ የተለመደ ነው፤ የጤፍ ዋጋ ሲወደድም ሌላ ዱቄት ይደባለቃል። የተደባለቀው ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን እንጀራው ለሕመምተኛው ከዳቦ አይሻልም። ሻጩን «ጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሌላ ምን ገባበት?» ማለት ያስፈልጋል። ሰርገኛ የሚለው ስም ግን ማስደንገጥ የለበትም፤ ሰርገኛ ነጭና ቀይ ጤፍ የተቀላቀለበት ነው እንጂ ባዕድ እህል የገባበት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ወፍጮ ቤቱ ነው። ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ጤፍ ሲፈጭ ቀድሞ የተፈጨው ዱቄት ርዝራዥ አብሮ ይወጣል። አስቀድሞ ጥቂት ማሽላ ወይም በቆሎ አስፈጭቶ ያንን ለብቻ ማስቀመጥ ርዝራዡን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ያጠፋዋል ማለት ግን አይቻልም። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ወፍጮ ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው እርሾን ነው። እርሾ ከቀደመው ሊጥ ላይ የሚቀዳ ፈሳሽ በመሆኑ ያ ሊጥ ገብስ ከነበረበት ገብሱ ወደ አዲሱ ሊጥ ይሻገራል። ከጎረቤት እርሾ መዋስ የቆየ ደግ ልማድ ቢሆንም፣ ለሕመምተኛ ቤት የሚሻለው በንጹሕ ጤፍ የራስን እርሾ መጀመር ነው። ምጣዱ ላይ የስንዴ ቂጣ የሚጋገር ከሆነም ምጣዱንና ማሰሻውን መለየት ይመከራል።

ሊጡ እስኪቦካ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ስለሚፈልግ እንጀራ ራሱ ፈጣን ምግብ አይደለም። በሥራ ቀናት እራት የሚያፈጥነው ቅዳሜ ወይም እሑድ የተጋገረው ነው። እንጀራ ባለቀበት ቀን የጤፍ ቂጣ ይተካዋል። የጤፍ ዱቄት በውሃና በትንሽ ጨው ቀጠን ተደርጎ ተበጥብጦ በመጥበሻ ላይ ሲፈስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ግሉተን ስለሌለው ቶሎ ይሰባበራል፤ ይህ ጨጨብሳ ለሚሠራበት ሰው ጥቅም ነው፤ ተቆራርሶ በቅቤ ወይም በዘይትና በበርበሬ ይታሻል።

በግማሽ ሰዓት የሚደርሱ ምግቦች

ሽሮ ከሁሉም የተለመደው ነው። ለሁለት ሰው አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ከተፈለገ ቲማቲም ይጨመራል። ሁለት ብርጭቆ ተኩል ያህል ውሃ ፈልቶ ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ በትንሽ በትንሹ እየተነሰነሰ ይማሰላል፤ እንዳይጓጉል እጅ ማፍጠን ይጠይቃል። በለዘብተኛ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከተንተከተከ በቂ ነው። ምጥን ሽሮ ቅመሙና በርበሬው አብሮት ስለተፈጨ ተጨማሪ ቅመም አይፈልግም። ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ የሚዘጋጅ በመሆኑ በራሱ ችግር የለበትም፤ ከባልትና ሱቅ ሲገዛ ግን የወፍጮው ጥያቄ እዚህም ይነሣል። በርበሬም እንዲሁ ነው።

ቀይ ምስር ክክ ሳይዘፈዘፍ በ20 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። የአተር ክክ ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ለሥራ ቀን አይመችም፤ የሚወደው ሰው እሑድ ቀቅሎ ማስቀመጥ ይችላል። በጾም ቀን እሳት ሳይነድ የሚቀርበው የቲማቲም ፍትፍት ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎ፣ በሎሚና በዘይት ተለውሶ፣ የጤፍ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ጾም ባልሆነ ቀን እንቁላል ፍርፍር ወይም ጥብስ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

እንጀራ ጨርሶ ለማይገኝበት ማታ ቡላ ጥሩ መውጫ ነው። የቡላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲማሰል በሩብ ሰዓት አካባቢ ገንፎ ይሆናል፤ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። የገብስ ገንፎ የለመደ ቤተሰብ ልዩነቱን ቢያውቅም ብዙ አያማርርም። ሩዝ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር፣ ወይም የድንች አልጫም አለ። ሩዙ ላይ የሚጨመረው የሾርባ ማጣፈጫ ኩብና የአኩሪ አተር ሶስ ግን መነበብ አለባቸው፤ የአኩሪ አተር ሶስ በአብዛኛው በስንዴ ይሠራል።

በውጭ አገር

የኢትዮጵያ ምግብ በውጭ አገር ከግሉተን ነፃ ነው ተብሎ የታወቀው በጤፍ ምክንያት ነው። ሆኖም በአሜሪካና በአውሮፓ በሱቅና በምግብ ቤት የሚቀርብ እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይደባለቅበታል፤ ጤፍ ውድ ነው፣ ስንዴ የገባበት ሊጥም ለመጋገር ይቀላል። ጠቆር ማለቱም ማረጋገጫ አይሆንም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ እንዲሸጥ በኪሎግራም ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። «የጤፍ እንጀራ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ይህንን አያረጋግጥም።

በጋራ ማዕድ

በአንድ ትሪ መብላት በበሽታው ላይ የራሱን ችግር ያመጣል። ሌሎቹ ገብስ ባለበት እንጀራ እየጠቀለሉ ከአንድ ወጥ ከበሉ ፍርፋሪው ወጡ ውስጥ ይገባል፤ የሕመምተኛውን አንጀት ለመጉዳት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት የሕመምተኛው ወጥ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት በሌላ ሳህን ይቀዳል፤ በሌላው ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይበላል። ሁለተኛው ወጪው ከፍ ቢልም ሕፃን ልጅ ታማሚ በሆነበት ቤት ይመረጣል፤ ልጁ ለብቻው አይነጠልም፣ ጉርሻም አይቀርበትም።