ለእናት ምን ይሰጣል? ከነጭ አበባ እስከ ሲንቄ

ግንቦት በገባ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይገባል፡፡ ግማሹ የእናቶች ቀን ነው ብሎ አበባና ካርድ ይገዛል፤ ግማሹ ደግሞ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የእኛ እናት በዓመት አንዴ አይደለም የምትከበረው" ብሎ ይቆጣል፡፡ እኛ ከሁለቱም ሳንወግን ታሪኩን ብናገላብጥ ሁለቱም ወገኖች የረሱት ነገር አገኘን፡፡

ከፈረንጆቹ እንጀምር፡፡ በ1858 እ.ኤ.አ. ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል አን ሪቭስ ጃርቪስ የምትባል ሴት የእናቶችን የሥራ ማኅበር አቋቋመች፡፡ ከአሥር በላይ ልጆች ወልዳ ለአካለ መጠን የደረሱላት አራት ብቻ ናቸው፡፡ ማኅበሩ መድኃኒት መግዣ ያዋጣ ነበር፤ ለሕፃናት የሚሸጠውን ወተት ይመረምር ነበር፤ እናቲቱ በሳንባ ነቀርሳ በታመመችበት ቤት ሥራ የምታግዝ ሴት ይቀጥር ነበር፡፡ አን ያረፈችው በግንቦት 9 ቀን 1905 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. (አዎ፣ በልደታ ቀን!)፡፡ ልጇ አና በ1908 እ.ኤ.አ. ለመታሰቢያዋ 500 ነጭ የካርኔሽን አበቦች ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ላከች፡፡ በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ቀኑን አወጁት፡፡ ከዚያማ አበባ ሻጩ፣ ካርድ አታሚው፣ ከረሜላ ነጋዴው ተረባረበበት፡፡ አና ዕድሜዋን ሙሉ ነጋዴዎቹን ስትታገል ኖራ በ1948 እ.ኤ.አ. ባዶ እጇን ሞተች፡፡ ወተትና መድኃኒቱ ተረስቶ አበባው ቀረ፡፡

ወደ አገራችን እንመለስ፡፡ ከአዳማ ተነስተን በሞጆ ታጥፈን፣ ባቱንና አርሲ ነገሌን አልፈን ሻሸመኔ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ኩየራ አለች፡፡ ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1947 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤት ነው፡፡ አገሩ ግን የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው፤ አርሲ ደግሞ ሲንቄ አለው፡፡

ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት፡፡ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች፤ ያቺ ልጅ በተራዋ ለልጇ ትሰጣለች፡፡ በትር ናት እንጂ መምቻ አይደለችም፡፡ ባለትዳር ሴት ተደብድባ ወይም ተዋርዳ ስትጮህ፣ የሰሙ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ሥራ ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፡፡ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሳ እስኪክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም፡፡ ወንዶች ሲጣሉም በመካከላቸው ሲንቄ ከተዘረጋ ጠቡ ይቆማል፡፡

ከሁሉ በላይ እኛን የገረመን ግን ቀነፋ ነው፡፡ የወለደች ሴት በግንባሯ ላይ የምታስረው ትንሽ እንጨት ነው፤ ለወራት አይወልቅም፡፡ ያያት ሁሉ አራስ መሆኗን ያውቃል፡፡ ከባድ ሥራ አይጫንባትም፤ ክፉ ቃል አይነገራትም፡፡ ቀነፋ ያሰረችን ሴት የመታ ባል ጥፋቱ የእሱና የሚስቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያበቃም፤ ሴቶቹ ሁሉ ይነሱበታል፡፡ እንግዲህ አበባን የሰጠ ሰጠ፣ ያልሰጠ አልሰጠም፡፡ ቀነፋ ግን ዕዳ ነው፤ ካልተከፈለ ይጠየቁበታል፡፡

ነገሩን አናሳምረው፡፡ በዚያው ሥርዓት የገዳ ሥልጣን የወንዶች ነበር፡፡ ሲንቄ የማትመልሰው ችግርም አለ፡፡ ድርቅ ሲመጣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ዝናብ ይለምናሉ፤ የእህል ዋጋን ግን በልመና ማውረድ አይቻልም፡፡ በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ቀርቶ እህል ሲወደድ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኩየራ ላይ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ማከሚያ ከፍተው ነበር፡፡ ዘግይቶ በመጣው ዝናብ ማሳው ለምልሟል፤ "አረንጓዴ ረሃብ" ያሉትም ለዚህ ነው፡፡ እናቶች በለመለመው ማሳ መካከል አልፈው አጥንታቸው የወጣ ልጆቻቸውን አቅፈው መጡ፡፡ ያን ጊዜ ለእነዚያ እናቶች ከወተትና ከመድኃኒት የበለጠ ምን ስጦታ ይኖራል?

ለዚህ ነው "ለእናቴ ምን ልግዛላት?" የሚል ወዳጃችንን ወደ ጤና ጣቢያ የምንልከው፡፡ በብዙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ፡፡ ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሲቃረብ እዚያ ትሰነብታለች፡፡ በብዙ ቦታ ለገንፎውም ለቡናውም የሚያዋጣው የአካባቢው ሰው ነው፤ መዋጮው ሲሳሳ እናቲቱ ምጥ ሳይመጣ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጊዜ አለ፡፡ ሽቶውን መግዛት አይከለከልም፡፡ ግን በእናት ስም አንድ ኩንታል የገንፎ እህል፣ ጥቂት ቅቤ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ይዞ መሄድም ይቻላል፡፡ ከመግዛት በፊት ኃላፊዋን ነርስ "ምን ጎደላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ አንዳንዱ ቤት የጎደለው እህል ሳይሆን ማገዶ ነው፡፡